ቁልፍ ያልሰጠችው ሴትዮ

ሰዒዴ፣ የሀያት አባት፤

አላህ ቀብርህን ኑር ያድርግልህ። ከተለየኸን ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። ቤቱ ደህና ነው። ያፈስ የነበረው ጣሪያ ተቀይሯል፤ በአስፋልቱ በኩል ያለው አጥር ብሎኬት ሆኗል፤ ወንድምህ ከጨፋ ማሽላውን እንደ ድሮው ያመጣልናል። ሀያት ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ እየፈለገች ነው፤ ቁጣዋ ያንተው ነው። እኔም ሰው መጠርጠር አልተውኩም። ታውቀኛለህ።

ዛሬም የምጽፍልህ በጥርጣሬ የተነሳ ነው። ጓደኛህ መምህር ጀማል አንድ ጠዋት "አካም ቡልቴ፣ ዘይነባ" ብሎ ገባና ያንን አሮጌ ኮምፒውተር ስጪኝ አለኝ፤ ያንን ሆዱ የወጣ ቴሌቪዥን የሚመስለውን። "ለልጄ መለማመጃ ይሆነዋል" ይላል። ልጁ ላፕቶፕ ይዞ በደጃችን ሲያልፍ በየቀኑ አየዋለሁ። እስቲ አስብበታለሁ ብዬ ሸኘሁት። በሳምንቱ ባጃጅ በር ላይ አቁሞ መጣ። "ቦታ አጣበበብሽ እኮ፣ ላንሳልሽ።" የማይረባ ዕቃ ላንሳልሽ ብሎ ባጃጅ የሚከራይ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ገመዱ ጠፍቷል ብዬ መለስኩት።

ከዚያ ወዲህ ልቤ አላርፍ አለ። የመጨረሻ ወራትህ መጡብኝ። የስኳር ሕመሙ ቤት ካዋለህ በኋላ ጀማል ከሰዓት ከሰዓት ይመጣል፤ እዚያች ክፍል ትገባላችሁ፤ አንተም "ዘይኑ፣ በሩን ገፋ አድርጊልን" ትላለህ። እኔም ገፋ አደርግና እዚያው እቆማለሁ። አንድ ቀን ጀማል ዝቅ ባለ ድምፅ "ሴትየዋ ዛሬም ቁልፉን አልሰጠችንም" ሲል ሰማሁት። አንተም "ተዋት፣ ነገ በስጦታ እንሞክራታለን" አልከው። የምን ሴትዮ? የምን ቁልፍ? የታመመ ሰው አይመረመርም ብዬ ዋጥኩት። አንተ ሄድክ፤ ጥርጣሬው ግን አብሮህ አልተቀበረም።

ሀያትን "ይህን ነገር ክፈቺልኝ" አልኳት።

"ምን ፈልገሽ ነው፣ እማዬ?"

"አባትሽን።"

ኮምፒውተሩ እያጓራ ተነሳ። ሁሉንም አስከፈትኳት። የሴት ፎቶ የለም፣ የሴት ስም የለም። የተማሪዎችህ ፈተናና ያ ጨዋታ ብቻ። ድምፁን የተሰረቀው ጃርት! በተጋባን ዓመት ካርቱኑን በቪዲዮ ካሴት አየነው፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ጨዋታውን በሲዲ ከአዲስ አበባ ይዘህ መጣህ። ጃርቱን አገር ለአገር ታዞረዋለህ፣ መንገድ ላይ የወደቀውን ዕቃ ታስለቅመዋለህ፣ ያገኘውን ሁሉ ታናግርለታለህ። ሀያት ጉልበትህ ላይ ተቀምጣ "እዚህ ንካ፣ እዚህ ንካ" ትልሃለች። እኔ ካርቱኑን ወድጄው ጨዋታውን እጠላው ነበር።

ሥዕሉ ዛሬ ሲያዩት ያስቃል፤ ጃርቱ የተፈረፈረ ጡብ ይመስላል። ሀያት ካቆማችሁበት ቀጠለች። ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ቆማለች፤ ከእሷ የተገኘው ቁልፍ በጃርቱ እጅ ገብቷል። ያኔ በሩ ላይ የሰማሁትን ስነግራት ሀያት በሳቅ ፈረሰች። እኔ አልሳቅሁም። ጨዋታ ከሆነ በር የሚያዘጋው ምንድን ነው?

ጀማልን አስጠራሁት። ኮምፒውተሩ በርቶ ሲያይ ደጃፉ ላይ ቀጥ አለ።

"ይቺ ናት ሴትየዋ?" አልኩት።

"እሷው ናት።"

"ታዲያ ከእኔ ምን አስደበቃችሁ? ወላሂ ሳትነግረኝ ከዚህ ቤት አትወጣም!"

ቁጭ አለ። "ሰዒድ አያይም ነበር" አለኝ።

ስኳሩ ዓይንህን እያጠፋው መሆኑ የተነገረህ ጀማል ደሴ ሐኪም ዘንድ ሲወስድህ ነው። ለእኔ "ትንሽ ብዥ ይልብኛል" ብለህ መጣህ። ጀማል ስክሪኑ ላይ ያለውን ያነብልሃል፣ አንተ ታዘዋለህ፣ እሱ ማውሱን ይነካል። "ዘይኑ ካወቀች ስፌቷን ትታ እጄን ይዛ ስትመራኝ ትውላለች" ብለህ አስምለኸዋል።

አላመንኩትም። የለበስኩትን ልብ ብሎ የማያውቅ ባሌ በዚያ ሰሞን "አረንጓዴው ሻርፕ አምሮብሻል" ይለኝ አልነበር? እንዲያውም ምን አጥፍቶ ነው ብዬ ጠርጥሬህ ነበር። ይህን ስነግረው ጀማል አንገቱን ደፋ። "ግቢ ስገባ አይቼ የምነግረው እኔ ነበርኩ" አለ።

ሰዒዴ፣ ተቆጣሁህ። ያጠብኩህ እኔ፣ ያጎረስኩህ እኔ። ገላህን ያልደበቅከኝ ሰውዬ ዓይንህን ትደብቀኛለህ? አለቀስኩ። ጀማልም አለቀሰ። ሀያት ለሁለታችንም ውኃ አመጣችልን።

ለካ ኮምፒውተሩን የፈለገው ጨዋታውን ሊጨርስልህ ነው። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሦስት እንስራ አለ፤ በየእንስራው አንድ አንድ ድምፅ ታስሯል፤ የጃርቱን ለይቶ መክፈት ነው። የሌላው ከተከፈተ ጃርቱ ዲዳ ሆኖ ይቀራል። "'ይህስ የጆሮ ነገር ነው፣ ለእኔ ተወው' አለኝ" ይላል ጀማል። "ደጋግሞ አዳመጠና የትኛው እንደሆነ ሳይነግረኝ 'ነገ' አለ።" በማግስቱ ሆስፒታል ገባህ።

"እስቲ አሰሙኝ" አልኳቸው። አንዱ ድምፅ እንደ መንዙማ አውራጅ የጠራ ነው፤ አንዱ የሕፃን ነው፤ ሦስተኛው ጉንፋን እንደያዘው ሰው ሻካራ። ጀማል የጠራውን አለ፣ ሀያት የሕፃኑን። እኔ ሻካራውን አልኩ። ካርቱኑን ያየን ዕለት ጃርቱ በመጨረሻ አፉን ሲከፍት "ለዚህ ድምፅ ነው እንዲህ የተንከራተተው?" ብዬ ስስቅ፣ አንተ ደግሞ ኮስተር ብለህ "የራሱ ነዋ!" ስትለኝ ትዝ ብሎኝ ነው።

ሀያት ከፈተችው። ጃርቱ ተናገረ። እንግሊዝኛውን አልሰማሁትም፤ ጀማል ሊተረጉምልኝ ሲል በእጄ ዝም አሰኘሁት።

አንዲት ጥርጣሬ ግን አለቀቀችኝም። አውቀህ ነው "ነገ" ያልከው? ለእኔ ልትተውልኝ? ጀማል "አይመስለኝም፣ ደክሞት ነበር" ይላል። እሱን ግን ከእንግዲህ የማምነው ግማሹን ነው።

ኮምፒውተሩን አልሰጠሁትም፤ ሲያምርህ እየመጣህ ተጫወት ብዬዋለሁ። ስምህ ከዱዓዬ አይጠፋም፤ እስካለሁ አልረሳህም። አንዲት ነገርህን ግን አልወርስም። ሰሞኑን መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቅቶኛል። ዛሬ ጠዋት ለሀያት ነገርኳት፤ ነገ ደሴ ሐኪም ዘንድ ይዛኝ ትሄዳለች።

ዘይኑ