ከሶደሬ ፍል ውሃ በታች ያለው እሳት

ሸዋዬ፣ እግሬን ሶደሬ ፍል ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው ይህን ፖስት ካርድ የምጽፍልሽ። የፊዚክስ አስተማሪው ወንድምሽ ያጫወተንን አብረውኝ ለሚታጠቡት ሴቶች አወራሁላቸው። «ምድር ሆድ ውስጥ ማንም ያልለኮሰው፣ ዩራኒየም እየበላ ለዘመናት የሚነድ የአቶም ምድጃ ይኖር ይሆናል» አልኳቸው። ደንግጠው ይወጣሉ ስል ንቅንቅ ያለ የለም። ትርፍ ቤታቸው የተወረሰባቸው እትዬ ወርቄ ብቻ ጠጋ ብለው፣ «ቀስ ብለሽ አውሪ ልጄ፣ ቀበሌ ከሰማ ይወርሰዋል» አሉኝ። እናንተ አዲስ አበባ ለላምባ ተሰልፋችሁ ስትንቀጠቀጡ እኛ እዚህ በነፃ እንቀቀላለን! እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ወንድምሽንም ሰላም በይልኝ። ቦታው አለቀብኝ።

ጫልቱ

ካርዱን ሸዋዬ ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ የምታነበው ጓድ፣ አንተስ እንደምን አለህ? እሳቱ ገና ግምት ነው፤ የሚወረስ ነገር የለም።