አንደኛ ክፍል ስላስገቡኝ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የተማሪዎች ምደባ መረጃ ክፍል ኃላፊ፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ሠላሳዎቹ ኮምፒውተሮቻችን በእርስዎ ውሳኔ ግራ ተጋብተው ሳለ እርስዎ ደህና መሆንዎን መስማት ለእኛ ለሠራተኞችዎ ትልቅ እፎይታ ነው። እኔም ይህን የምጽፈው የአንደኛ ክፍል ወንበር ላይ ጉልበቴ አገጬን እየነካ ከመሆኑ በቀር ደህና ነኝ።

ጉዳዩን ለማያውቅ ላስረዳ። የከተማው ልጆች መረጃ ለአንድ ኮምፒውተር ስለሚከብድ ሥራውን ለሠላሳ አከፋፍለነዋል። ማሽኖቹ ቁጥርና ፊደል መላላክ ያውቁበታል፤ እኛ ራሳችን የፈጠርነውን፣ ልጅንና አሳዳጊን በአንድ ያሰርንበትን «ተማሪ» የተባለ የመረጃ ዓይነት ግን ካላስተማርናቸው አያውቁትም። ስለዚህ ላኪው ማሽን ፈታትቶ በተርታ ይልካል፤ ተቀባዩም በዚያው ተርታ አንብቦ መልሶ ይገጣጥማል። መጀመሪያ የልጁ ስምና የትውልድ ቀን፣ ቀጥሎ የአሳዳጊው። ሙያው ይኸው ነው።

1ኛ፦ ባለፈው ሳምንት የተቀባዩን ኮድ ከፍተው ሲመለከቱ ልጅ ከወላጁ ቀድሞ መነበቡ ነውር ሆኖብዎ፣ ትልቅ ሰው ይቅደም ብለው በገዛ እጅዎ ስላስተካከሉልን ከልብ አመሰግናለሁ። የላኪው ኮድ የሌላ ክፍል ስለሆነ አልነኩትም፤ እሱም እንደ ልማዱ ልጅን አስቀድሞ ይልካል፣ ተቀባዩም መጀመሪያ ያገኘውን አሳዳጊ፣ ሁለተኛውን ተማሪ ብሎ ይመዘግባል። ሁለቱም ስምና ቀን ስለሆኑ ማሽኑ ቅር አላለውም። ዕድሜ የሚያጣራው የኮዱ ክፍል ደግሞ ሥራ ያጓትታል ተብሎ በትእዛዝዎ ከተነሣ ቆይቷል።

2ኛ፦ አይሆንም ብዬ ስመጣ ጠረጴዛዎ ላይ ባለችው አንዲት ኮምፒውተር ሞክረው፣ ምንም እንዳልተበላሸ ስላሳዩኝም አመሰግናለሁ። በአንድ ማሽን ብቻ ሲሠራ የሚላክ ነገር ስለሌለ የሚበላሽም የለም፤ ይህን ልናገር አፌን ስከፍት «አንቺ ደግሞ ነገር ታበዢያለሽ» ብለው ወደ ቦታዬ መለሱኝ። ቦታዬ አሁን ሦስተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ ሥር ነው።

3ኛ፦ የሰባት ዓመት ልጄ አሳዳጊዬ ሆናለች። ሥልጣኑ ተስማምቷታል፤ የቤት ሥራዬን ሳልጨርስ ቴሌቪዥን እንደማላይ ትናንት አስታውቃኛለች። ወንበሩ በስሙ የተመዘገበለት ሰው ካልተገኘ ለሌላ ይሰጣል ስለተባለ፣ የልጄ ቦታ እንዳይነጠቅ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሀሁ እየቆጠርኩ ነው። እሷ ግን በየጠዋቱ ቦርሳዋን አዝላ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ትሸኘኝና ወደ ቤት ትመለሳለች። እዚህ ላይ ሳቄ ይቋረጣል። ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል፤ የምለምንዎም ያቀያየሯቸውን ሁለት የኮድ መስመሮች ወደነበሩበት መልሰው ምደባውን እንደገና እንዲያስኬዱ ብቻ ነው።

ከማይነጥፍ አክብሮትና ከደነዘዘ እግር ጋር፣
በቢሮ ታዛዥ ፕሮግራመርዎ፣ በክፍሏም ረጅሟ ተማሪ።

ማሳሰቢያ፦ ዛሬ ጠዋት በስም ጥሪ ላይ የእርስዎም ስም ተጠርቶ ቀሪ ተብለዋል። አሳዳጊዎ ይምጣ ስለተባለ እባክዎ ለልጅዎ ይንገሩት፤ የእሱም ወንበር በእርስዎ ስም ስለተያዘ ቤት ያገኙታል።