ሲሚንቶው የማይሞላው ጉድጓድ

ሰኞ፣ ሰኔ 10

መለኪያ ዱላዬን ጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ አገኘሁት። አናቱ ከመሬት በታች ወርዷል። የድልድዩ መሠረት ምን ያህል እንደሚጠልቅ ለክቼ የቆረጥኩት ዱላ ነው። ቆፋሪዎቹን «አናቱ ከመሬቱ እኩል ሲሆን አቁሙ» ብያቸው ነበር ወደ ደሴ የሄድኩት።

ወንዙን ተሻግሬ የማዶውንም ጉድጓድ ለካሁ። ያው ነው። ጥልቀቱ ካልኩት እጥፍ፣ ወርዱም ችካሉን አልፎ ሄዷል። እኔ ደሴ በየቢሮው ሲሚንቶ ስጠይቅ እነሱ እዚህ ሲቆፍሩ ከርመዋል።

የተፈቀደልን ሲሚንቶ በስሌቴ ልክ ነው። ለሚባክነው ብዬ የጨመርኳትን እንኳ ሰርዘውብኛል። ትናንት ሲሚንቶው ከመኪና ሲወርድ ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሞኝ።

የማስበው ሉባባን ነው። የአከራዬ የእትዬ ዘምዘም ልጅ ናት፤ ያገባችው ከወንዙ ማዶ ነው፣ አሁን ወሯ ገብቷል። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ከማዶ ወደ ሐይቅ ከተማ ክሊኒክ የሚያሻግር ነገር የለም። የመጀመሪያ ልጇ የሞተው ምጥ ይዟት፣ ውሃው እስኪጎድል ዳር ላይ ሲጠብቁ ነው። እትዬ ዘምዘም ይህን አንድ ቀን ነገሩኝ፣ ደግመው አላነሱትም። ማታ ማታ ግን «ድልድዩ ይደርሳል?» ይሉኛል። ይደርሳል እላለሁ። ዛሬም ብያለሁ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 11

ቁፋሮውን የሚያሠሩት ጋሽ ተሰማና ሼህ ሁሴን ናቸው። ሁለቱንም ጉድጓዱ አፍ ላይ አቁሜ ጠየቅኋቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓርብ እስላሙ ለጁምዓ ይቀራል፣ እሑድ ደግሞ ክርስቲያኑ። ሌላውን ቀን አብረው ነው የሚሠሩት።

«ዓርብ እነሱ ሲሰግዱ የነሱንም ድርሻ እኛው አወጣንላቸው» አሉ ጋሽ ተሰማ። «ጎረቤት አይደሉም እንዴ?»

«ቅዳሜ መጥተን ስናየው ወላሂ አፈርን!» አሉ ሼህ ሁሴን። «እሑድ እኛም ለነሱ ያንኑ ያህል ጨመርንላቸው።»

በሚቀጥለው ዓርብ እነ ጋሽ ተሰማ በለጡ። እሑድ እነ ሼህ ሁሴን ሊያንሱ ነው? እንዲህ እየተካካሱ ወረዱ።

«ዱላውስ?» አልኳቸው።

«ዱላውማ አጠረ» አሉ ጋሽ ተሰማ። ሼህ ሁሴንም ራሳቸውን ነቀነቁ። ትልቅ ነገር የሠሩልኝ መስሏቸዋል፤ ምርቃት የሚጠብቁ ይመስላሉ።

ልጮህ ነበር። የሼህ ሁሴንን መዳፍ አየሁት፣ ቆዳው ተላልጧል። ለማን ይከሰሳል እንዲህ ያለው ጥፋት?

ረቡዕ፣ ሰኔ 12

ቀኑን ሙሉ ስደምርና ስቀንስ ዋልኩ።

ትርፉን ጉድጓድ አፈር ልመልስበት? ወንዙ አንዴ ሲመጣ ከሥር ይልሰዋል፣ ድልድዩም አብሮ ይሄዳል። ሁሉንም በኮንክሪት ልሙላው? ሁለቱ ጉድጓዶች ያለንን ሲሚንቶ እንዳለ ይውጡታል፣ ከመሬት በላይ ምንም አይወጣም። በኮንክሪቱ መሃል ትልልቅ ድንጋይ እየከተትን ብንሞላስ? ድንጋይ እንኳ ሞልቷል። እንደገና አሰላሁ። መሠረቶቹ ይሞላሉ። የድልድዩ እግሮችም ይቆማሉ።

ንጣፉ ግን የለም። ሰው የሚረግጠው ደግሞ ንጣፉን ነው።

ማታ እትዬ ዘምዘም ጠየቁኝ። «ይደርሳል» አልኩ፤ ዓይናቸውን ግን አላየሁም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 13

ሐይቅ ከተማ ወርጄ ደሴ ስልክ አስደወልኩ። ወረፋው እስከ ቀትር አቆመኝ። መስመሩ ሲገኝ ኃላፊዬ ገና ሳልጨርስ አቋረጠኝ።

«የዘንድሮው ኮታ ተዘግቷል ጓድ። ከመስከረም በኋላ ጠይቂ።»

ወንዙ መስከረምን አይጠብቅም አልኩት። እሱም ድልድዩ ተጠናቋል የሚል ሪፖርት ወደ ላይ መሄዱን ነገረኝ። ቀጠለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሲሚንቶውን ቀነስ፣ አሸዋውን ጨመር አድርገሽ አቡኪው። ማን ያያል?» አለኝ።

ያሳፍረኛል፣ ግን መንገድ ላይ በጭንቅላቴ አሰላሁት። ይበቃል። እንዳለኝ ባቦካው ንጣፉም ይወጣል፣ ሉባባም ትሻገራለች። ምናልባት ዘንድሮን ይሸከም ይሆናል። ከዚያስ? የገበያ ቀን፣ ሰው ከነአህያው ከነጭነቱ ሲተላለፍበት? ዳገቱን እስክጨርስ አድርጊው አታድርጊው ስል ቆየሁ። አላደርገውም። ግን የምኮራበት ነገር አይደለም፤ ንጣፍ የሌለው ድልድይ ነው የምሠራው።

ዓርብ፣ ሰኔ 14

ጠዋት ነገርኳቸው። ሼህ ሁሴንም ከጁምዓ በፊት መጥተው ነበር። ዘንድሮ እግሮቹ ብቻ ይቆማሉ፣ ንጣፉ የለም አልኩ። ከኮታው ጀምሬ እስከ ጉድጓዱ ሁሉንም ዘረዘርኩ።

ጋሽ ተሰማ «እኛ ነን ያጠፋነው» አሉ።

«አይደለም» አልኩ።

ከዚህ በኩል ያለውን ጉድጓድ መሙላት ጀመርን። ድንጋይ ሲያቀብሉ እንኳ ዘፈን የለም።

ማታ እትዬ ዘምዘም እንደ ልማዳቸው ጠየቁኝ። «አይደርስም» አልኳቸው።

ማልቀስ ይጀምራሉ ብዬ ጠበቅኋቸው። አላለቀሱም። «አንች ልጅ፣ ይደርሳል ስትይኝ እኮ ነው የተቀመጥኩት» አሉኝ። «ቀድመሽ ብትነግሪኝ ሉባባን ድሮ አሻግራት ነበር።»

ይህ በስሌቴ ውስጥ አልነበረም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 15

ስነሣ እትዬ ዘምዘም የሉም። የጎረቤት በቅሎ ለምነው ጎህ ሳይቀድ ተሻግረዋል። የአምባሰል ተራራ ራስ ላይ ጥቁር ደመና ተቀምጧል።

እያቦካሁ ዓይኔ መንገዱ ላይ ነበር። ተራራው ላይ ነጎድጓድ ሲያጓራ ሁሉም ሥራውን ጥሎ ወንዙ ዳር ቆመ። እኔ መጸለይ የተውኩ ሰው ነኝ፤ ሼህ ሁሴን ዱዓ ሲያደርጉ ግን አሚን አልኩ።

መጡ። ሉባባ በቅሎው ላይ ጎንበስ ብላ ሆዷን ይዛለች፤ እትዬ ዘምዘም ልጓሙን ይዘው ይጎትታሉ። ውሃው ገና ቁርጭምጭሚት አያልፍም ነበር። እነሱ ወጥተው ብዙም ሳይቆይ ጎርፉ ደረሰ፣ ግንድ እየገፋ።

የሞላነውን መሠረት በቅጠል ሸፍነነዋል፤ እስካሁን አለ። የማዶውን ጉድጓድ ጭቃ ደፍኖታል። «አታስቢ፣ ነገ እሑድ ነው፤ ውሃው ከጎደለ ጭቃውን እኛ እናወጣዋለን» አሉኝ ሼህ ሁሴን። «ከዱላው እንዳታልፉ» አልኩ። ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

አልጋዬን ለሉባባ ለቅቄ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ነጠላዬን አንጥፌያለሁ። ክሊኒኩ ከዚህ በእግር ቅርብ ነው። ምጡ መቼ እንደሚመጣ አላህ ያውቃል ይላሉ እትዬ ዘምዘም። ራት አቀረቡልኝ፣ ብይ አሉኝ፣ እጄንም አስታጠቡኝ።

ስለ ድልድዩ አልጠየቁኝም።