ስኒህ ውስጥ የከተትኩት ማንኪያ

ውድ ኦኮ፣

«ውድ» የምትለዋን ልጅህ ኢምከ ናት ያስገባቻት። እኔማ «ስማ አንተ!» ብዬ ነበር የጀመርኩት። «አጎቴ ሃቦ፣ ለሞተ ሰው እንዲህ ተብሎ አይጻፍም» ብላ ተቆጣችኝ። ይሁን፣ ጻፊው አልኳት። ውድ መሆንህን መቼ ካድኩ።

እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ። አታጣድፈኝ፤ ፓርላማ ውስጥ አይደለህም።

የቀብርህ ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሜ ነበር። አልገባሁም። አንድ ከቦኑ ፓርላማ ዘመን የቀረ ትልቅ ሰው ስለ ውጭ ጉዳይ አቋምህ ረጅም ንግግር አደረገ። «ከዋርሶ እስከ ሞስኮ የታመነ ሰው» ሲል ነፋሱ አመጣልኝ። ያ ሰውዬ ምን ያውቃል? የአንተ ውጭ ጉዳይ የተጀመረው እዚሁ ኤምደን ወደብ፣ እኔና አንተ መርከብ ስንበይድ ነው። የፖላንድ መርከበኞች ለጥገና መጥተው አለቃችን «እንዳታናግሯቸው» ሲል፣ አንተ የብየዳ ጭምብልህን ገልበጥ አድርገህ «ጌታው፣ አባቶቻችን ያደረሱባቸውን አይተው የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ሰላምታ እንኳ እንንፈጋቸው?» አልከው። ሳምንቱን ሙሉ ሽንት ቤት አስጠረገህ። በዚያው ሳምንት የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ አድርገን መረጥንህ። ቀጥሎ የከተማው ምክር ቤት፣ ቀጥሎ ቦን።

ምርጫ በመጣ ቁጥር ፖስተርህን የምለጥፈው እኔ ነበርኩ። ትዝ ይልሃል፣ አንድ ዓመት ፎቶ የሌለውን፣ ጽሑፍ ብቻ ያለበትን፣ ከወደቡ እስከ ባቡር ጣቢያው ገልብጬ ለጠፍኩልህ።

«ሃቦ፣ ሰክረህ ነው ወይስ ለተቃዋሚዎቼ ተቀጥረህ?» አልከኝ።

«መራጮችህ አንገታቸውን አጣመው እንዲያዩህ ብዬ ነው» አልኩህ።

ሆድህን ይዘህ ሳቅክ። እኔ አልሳቅኩም፤ አንተ ግን ልብ አላልክም።

አቋምህን በቃሌ አውቀው ነበር። ከጎረቤት ጋር መነገድ፣ ከባላጋራ ጋር መነጋገር፣ የጀርመን ወታደር ደግሞ ከጀርመን ምድር አንዲት እርምጃ አይውጣ። የመጨረሻዋን ከእኔ ነው የወሰድካት፤ አባቴ ፈንጂ ጠራጊ መርከብ ላይ እንደቀረ፣ ከተማችን በቦምብ ስትነድ እናቴ እኔን በአንድ እጇ የግድግዳ ሰዓታችንን በሌላው ይዛ እንደወጣች ነግሬህ። ንግግር ስታደርግ «አንድ ጓደኛ አለኝ» ብለህ ነበር የምትጀምረው። እኔ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጬ ደረቴን እነፋለሁ።

ከዚያ ያ ጥቅምት መጣ። ወታደር ወደ ባልካን ይላክ አይላክ ተባለ። ባለቤቴ ቶማ ከሞተች ስምንት ወሯ ነበር። እናንተ እንዲህ ያለ ከባድ ነገር ሲሆን እያንዳንዳችሁ ካርድ ትጥላላችሁ፤ ሰማያዊው እሺ፣ ቀዩ እምቢ። ቀለም መለየት አያቅተኝም። ያ ነጭ ፀጉርህ ቴሌቪዥኑ ላይ ብቅ ሲል እጅህን አየሁ። ሰማያዊ ይዘሃል።

በሳምንቱ መጣህ። በእኛ አገር እንግዳ ሦስት ስኒ ሻይ ሳይጠጣ አይነሳም፤ በቃኝ የሚል እንግዳ ማንኪያውን ራሱ ስኒው ውስጥ ይከታል። እኔ አንድ ስኒ ቀዳሁልህ። እሷን ጠጥተህ ስታስቀምጥ ማንኪያህን በገዛ እጄ አንስቼ ስኒህ ውስጥ ከተትኩት። ባለቤት በእንግዳው ላይ እንዲህ ሲያደርግ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ፊትህ ነጣ።

«ደብዳቤዬ አልደረሰህም?»

«ደርሶኛል።»

«አንብበኸዋል?»

«እንደ ተማሪ ልትፈትነኝ ነው? አንብቤዋለሁ!»

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?»

«መልስ የማይገባህ ሰው ስለሆንክ።»

ኮፍያህን አነሳህ። በሩን ከፍተህ ወጣህ። ሃያ ሁለት ዓመት ሳንነጋገር ቀረን። ዓሣ ገበያ ላይ ስንገናኝ አንዳችን መንገድ እንሻገር ነበር።

አሁን ስማኝ። ዋሽቼሃለሁ። አላነበብኩትም። ማንበብ አልችልም፣ ኦኮ። ትምህርት ቤታችን ስትቃጠል ስድስት ዓመቴ ነበር፤ እንደገና ስትሠራ እኔ ሄሪንግ የሚባለውን ዓሣ የሚያጠምዱት ጋ ባሕር ላይ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ አፈርኩ። ፎርሙን የምትሞላው ቶማ፣ ጋዜጣውን የምታነበው ቶማ፣ ስምህ የምርጫ ወረቀቱ ላይ ከላይ ስንተኛ እንደሆነ ከምርጫ በፊት የምትነግረኝም ቶማ። ሌላው ቦታ «መነጽሬን ረሳሁ» እያልኩ ኖርኩ። ደብዳቤህ ሲመጣ እሷ የለችም። ለጎረቤት ወስጄ አንብብልኝ ልበል? እኔ? ከእናቴ ሰዓት ጀርባ ሸጎጥኩት። ቁም ነገር ከሆነ ራሱ መጥቶ ይነግረኛል ብዬ።

ባለፈው ማክሰኞ ኢምከ መጣች። «አጎቴ ሃቦ፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። የዚህን ደብዳቤ ቅጂ አባቴ እስኪሞት መሳቢያው ውስጥ አኑሮት ነበር። ለምንድን ነው ያልመለሱለት?» ብላ ወረቀት ዘረጋችልኝ። መነጽሬን ልላት አፌን ስከፍት መነጽሬ አፍንጫዬ ላይ ነው።

«አንብቢልኝ» አልኳት። በሰማንያ ሁለት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቶማ ሌላ ለሰው ተናገርኩ።

አነበበችልኝ። «ሃቦ፣ በስልክ ከሆነ ትጮህብኝና እሸነፋለሁ፤ ስለዚህ እጽፍልሃለሁ። ባልካን በሄድኩበት መንደር እናቶች የልጆቻቸውን ጫማ ይዘው ጠበቁኝ። ልጆቹ የሉም። ምን እንደምላቸው ጠፋኝ። እስከ ዛሬ የተናገርኩት የአንተ ቃል ነው፤ ሳልጠይቅህ ልለውጠው አልችልም። እስከ ሐሙስ ስልኩ አጠገብ ነኝ። እምቢ ካልከኝ ቀዩን እጥላለሁ። ዝም ካልክ ግን እሺ እንዳልከኝ እቆጥረዋለሁ፤ ሳትስማማ ዝም ብለህ አታውቅምና።»

ሐሙስን ሙሉ ከስልኩ አልተነሳህም አሉ። በሚቀጥለው ምርጫ ሳትወዳደር ስትቀር ታሞ ነው ተባለ። ኢምከ ግን ለእናቷ ያልካትን ነገረችኝ፤ «የጠየቅኩት ሰው ዝም ብሎ አሳልፎኝ ኋላ ፈረደብኝ። ከእንግዲህ ማንን ብዬ እናገራለሁ?»

ምን እልህ ነበር? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ቀዩን!» እንደምልህ እምል ነበር። ጫማዎቹን ከሰማሁ ወዲህ አላውቅም። የማውቀው፣ «ሐሙስን ተወውና በባቡር ና፤ ሦስቱን ስኒ እየጠጣን እንጨቃጨቅ» እልህ ነበር። መልሴ ይኸው ነበር። አልደረሰልህም።

ይቅርታ አልለመደብኝም። ኢምከ ግን ብዕሯን አንስታ እያየችኝ ነው። ይቅር በለኝ። ይኸው ተጻፈ።

አሁን ሻይ ቀድቻለሁ፤ ለእሷ፣ ለእኔ፣ ለአንተ። የእኛ ሦስተኛው ላይ ደርሷል። ያንተ ማንኪያ ሳህኑ ላይ ነው፤ የሚነካው የለም።

ኢምከ «የልብ ጓደኛህ ብዬ ልዝጋው?» አለችኝ። አይሆንም፣ የምልሽን ጻፊ አልኳት፦

ማንበብ የማይችለው፣
ሃቦ