ወንፊቱ ያሳለፈው አቧራ

ነብራስካ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 2019

ውድ ልጄ ኮሪን፣

ፖስታው ላይ ያለው ጽሑፍ የእናትሽ ነው፤ ውስጥ ያለሁት ግን እኔ ነኝ። የኔን እጅ ጽሑፍ ብታዪ ሳትከፍቺ የምታስቀምጪው ስለመሰለኝ አድራሻውን እሷ እንድትጽፍልኝ ለመንኳት። «እጽፍልሃለሁ ዴል፤ ምን እንዳልካት ግን አላነብም» አለችኝ። እንዳለችውም ጽፋ ስትጨርስ መነጽሯን አውልቃ ሄደች። ማታለል መሆኑን አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው አንብቢልኝና ከዚያ ተቆጪኝ።

እንዴት ናችሁ? አንኮሬጅ ላይ በረዶው ገና በኦክቶበር እንደጣለ ሰምቻለሁ። የልጅ ልጄ ዊላ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ጀምራለች አሉ። እሑድ እሑድ ከእናትሽ ጋር ስትደዋወሉ እኔ ጓዳ ገብቼ ዕቃ የማስተካክል እመስላለሁ። ድምጿን ግን እሰማለሁ። ባለፈው «ድመቷ ጫማዬን በላች» ስትል ብቻዬን ሳቅሁ። እውነት በላችው?

እኛ ደህና ነን። በቆሎው ተሰብስቧል፣ የአጋዘን አደን ሊከፈት ሁለት ሳምንት አልቀረውም። የተኩስ ሜዳ ጓደኛዬ ቬርን እንደ ልማዱ ባዶ ቀለሆቹን በጆንያ ይዞ መጥቶ «ዴል፣ ሙላልኝ» አለኝ። እምቢ አልኩት። በሠላሳ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ እምቢታዬ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

መጀመሪያ ግን ስለዚያ የማርች ጠዋት።

ባልሽ ጥሎሽ ከሄደ በኋላ አንቺና ዊላ እኛ ጋ ስምንት ወር ኖራችሁ። በሕይወቴ ከእነዚያ ስምንት ወሮች የተሻለ ጊዜ አላሳለፍኩም፤ ያን ጊዜ አልነገርኩሽም እንጂ። ከዚያ ልጅቷ ተመርምራ ደሟ ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ተገኘ ተባለ። ከጤና ቢሮ አንዲት ነርስ ቤታችን መጥታ የግድግዳውን ቀለም ፋቀች፣ የቧንቧውን ውሃ ቀዳች፣ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገች በየላስቲኩ አድርጋ ወሰደች። ቀለሙ ንጹህ፣ ውሃው ንጹህ። ከቤቱ ሥር ወዳለው ምድር ቤት፣ ማለትም ዊላ ወደምትድህበት ምንጣፍና ልብሷ ወደሚታጠብበት ማሽን ክዳን ውጤት ስትደርስ ግን ወረቀቱን የምታነበው ነርስ ድምጿ ተለወጠ። እዚያ ማሽን አጠገብ ደግሞ እኔ ጥይት የምሞላበት የሥራ ጠረጴዛ ነበር።

«አባዬ፣ አቧራው ነው» አልሽኝ። «ያ የምትነፋው ነገር ነው። ወይ እሱ ይውጣ፣ ወይ እኛ እንውጣ።»

«አርባ ዓመት ሙሉ ቅሜዋለሁ! ምን ሆንኩ? ይኸው ቆሜ የለም ወይ?»

«አንተ ትልቅ ሰው ነህ። እሷ አሥራ አንድ ኪሎ ናት።»

ይህን ጊዜ ነው ያን ነገር ያልኩሽ። «ባልሽ ስለሄደ የምትወቅሺው ሰው አጥተሽ ነው» አልኩሽ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ አየሁት፤ መሬት ሳይደርስ የምቀልበው መስሎኝ ነበር። አንቺ ወደ ላይ ወጥተሽ ሻንጣ ማውረድ ጀመርሽ።

በማግስቱ መኪናሽን ስትጭኚ እናትሽ ከደረጃው ራስ ላይ ቆማ «ዴል! እየሄዱ ነው እኮ!» እያለች ሦስት ጊዜ ተጣራች። አልወጣሁም። የቀለህ መወልወያ ማሽኔ ሲያጓራ ሰምተሽ ሥራ ይዞት ነው፣ ወይም ትዕቢት ነው ብለሽ ይሆናል። ባዶውን ነበር ያስነሳሁት ልጄ። አንድም ቀለህ አልነበረበትም። የመኪናሽን ድምፅ እንዳልሰማ ብዬ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናትሽ ምድር ቤት አልወረደችም። አልጮኸችም፣ አላኮረፈችም። በየሳምንቱ ቅርጫቷን ፒካፑ ላይ ትጭንና ሃያ ማይል ነድታ ከተማ፣ የሕዝብ ልብስ ማጠቢያ ቤት ታጥባለች። አንድ ቀን «አርዲስ፣ ቤታችን ማሽን እያለ ምን ያንከራትትሻል?» ብላት፣ «ያ ማሽን ያንተ ነው» አለችኝ።

ጁላይ ላይ ሆዴን ይቆርጠኝ ጀመር። መጋጠሚያዬን ሁሉ ይጠዘጥዘኛል። የሰው ስም ይጠፋብኛል። በትንሽ በትልቁ እቆጣለሁ። መቼም «ይሄ ደግሞ አዲስ ነገር ነው?» ትያለሽ። እናትሽ ናት እየጎተተች ሐኪም ቤት የወሰደችኝ። ሐኪሟ ባንቺ ዕድሜ ያለች ልጅ ናት፤ ደሜን አይታ ስትመለስ ወንበሯን አስጠጋች።

«አቶ ክራንዝ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ጡረታ ወጥቻለሁ። ጥይት እሞላለሁ፤ ለራሴና ለጓደኞቼ።»

«እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ። እኔ ስለ ጠመንጃ የማውቀው ነገር የለም።»

ነገርኳት። የተተኮሰውን ቀለህ ለቅሜ አመጣለሁ። ጥላሸት ይዞት ይመጣል። ከተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ ጋር የመወልወያው ማሽን ገንዳ ውስጥ እጨምረዋለሁ፤ ማሽኑ ሁለት ሦስት ሰዓት ሲያንቀጠቅጠው ቆረቆንዳው እያሸ እያሸ ናሱን እንደ አዲስ ያበራዋል። ከዚያ ቀለሁን ከቆረቆንዳው መለየት ነው። ቀጥሎ ባሩዱ ይገባል፣ ጥይቱ ይገጠማል።

«እንዴት ነው የሚለዩት?»

«በፓስታ ማጥለያ። ባልዲ ላይ ይዤ እነፋዋለሁ። ቆረቆንዳው ወደ ታች ይወርዳል፣ ቀለሁ ከላይ ይቀራል።»

«አቧራ አለው?»

«አለው እንጂ! እንደ ወፍጮ ቤት ነው።»

«እሺ። ቀለሁ ሲገባ ጥላሸት ነበረው፤ ሲወጣ ግን ንጹህ ነው» አለችኝ። «ጥላሸቱ የት የሄደ ይመስልዎታል?»

አርባ ዓመት ሙሉ ወንፊቱ ላይ የቀረውን ነው ያየሁት። የሚያብረቀርቀውን። ከሥሩ ያለፈውን አንድ ቀን እንኳ ዞር ብዬ አላየሁትም። ተኩሱን የምታስነሳው መለኮሻ እርሳስ አለባት፤ ስትፈነዳ ከጥላሸቱ ጋር ቀለሁ ውስጥ ይቀራል፤ ከዚያ ወደ ቆረቆንዳው፣ ከቆረቆንዳው ወደ አየሩ፣ ወደ ምንጣፉ፣ ወደ ልጅቷ መዳፍ። አንቺ ነግረሽኝ ነበር። ልጄ ስለሆንሽ አልሰማሁሽም፤ ባዳ ስትጠይቀኝ ገባኝ።

ደም ውስጥ በተለካው የእርሳስ መጠን የዊላ ቁጥር አሥራ አራት ነበር። የኔ አርባ አንድ ሆነ።

ቬርን ሲሰማ ምን አለኝ መሰለሽ? «አይ ዴል! ቬትናም በጥይት ያልገባልህን እርሳስ እንደ ሱረት ስበህ ታስገባው?» ሳቅሁለት። ቤቴ ስገባ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

ያችኑ ነርስ ደወልኩላት። ስድብ ጠብቄ ነበር፤ «በመጥረጊያም በቫኪዩምም እንዳይነኩት፤ ያቦነዋል። አርጥበው ነው የሚያነሱት» ብላ አስተማረችኝ። ምንጣፉን በውሃ እየረጨሁ በላስቲክ ጠቅልዬ አወጣሁት። ወለሉን፣ ግድግዳውን፣ የእያንዳንዷን መደርደሪያ ሆድና ጀርባ በሳሙና ውሃ አጠብኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። የልብስ ማጠቢያውን ጥዬ ሌላ አስገባሁ። ሴፕቴምበር ላይ ነርሷ መጥታ እንደገና ጠረገችና «አሁን ልጅ ሊድህበት ይችላል» አለች። ዕቃዎቼን ለቬርን ሰጠሁት፤ ግን አስምዬ ነው። ከቤቱ በራቀው ጎተራ ውስጥ፣ በደረቅ ሳይሆን በውሃ፣ በቆረቆንዳ ፋንታ በቀጫጭን የብረት ዘንጎች እንዲያጥብ። እነሱ እዚያው ውሃ ውስጥ እያሉ በማግኔት ይለቀማሉ፤ አይቦንም። ውሃውንም ሜዳ ላይ እንዳይደፋ አስጠንቅቄዋለሁ።

ነርሷ የሰጠችኝን ወረቀት ለእናትሽ አሳየኋት። አነበበችው። አጥፋ መለሰችልኝ። ከዚያ ቅርጫቷን አንስታ ከተማ ሄደች። እስከ ዛሬም እዚያ ነው የምታጥበው።

ለምን እንደሆነ የገባኝ ይመስለኛል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ካንቺ በኋላ እናትሽ ሁለት ጊዜ አርግዛ እንደነበር ታውቂያለሽ። አንዱ በአራተኛው ወር ወረደ፣ ሌላው በስድስተኛው። ለሁለተኛው ስም አውጥተንለት ነበር። ያን ጊዜ የምንኖርባት ትንሿ ቤት ምድር ቤት አልነበራትም። የምነፋው ወጥ ቤት ውስጥ ነበር።

ሐኪሟን ጠየቅኋት። «እርሳስ ፅንስ ያስወርዳል?» አልኳት። «ሊያስወርድ ይችላል» አለችኝ። «የእናንተን ግን ዛሬ ላይ ማንም ሊያውቀው አይችልም፤ በከንቱ ራስዎን አይቅጡ።» አመስግኛት ወጣሁ።

ከሐኪም ቤት ስንመለስ የምነዳው እኔ ነበርኩ፤ ውጭ ስትጠብቀኝ የነበረችው እናትሽ አጠገቤ ተቀምጣለች። ድልድዩን እንዳለፍን «ዴል፣ አጥንት ውስጥ ስንት ዓመት ይቆያል አለችህ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ሃያ፣ ሠላሳ ዓመትም ይቆያል አለች።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ጉልበቷ ላይ ያሉት ጣቶቿ ግን አንድ በአንድ ሲታጠፉ አየኋቸው። ወደ ኋላ እየቆጠረች ነበር። እኔ ሬዲዮውን ከፈትኩት።

አሁን የጻፍኩበት ጉዳይ ይሄ ነው ኮሪን።

ስድስት ሰባት ዓመት ሳለሽ ከጠረጴዛዬ አትለዪም ነበር። ስነፋ የቆረቆንዳ ቅንጣት በቀለሁ ቂጥ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ ተሰክታ ትቀራለች፤ አንቺ በእናትሽ የስፌት መርፌ እየወጋሽ ታወጫት ነበር። የኔ ዓይን የማያየውን አንቺ ታዪ ነበር። ሁለቱም እጅሽ በቀለህ ሲሞላ መርፌዋን በከንፈርሽ ትይዣት ነበር። ትዝ ይልሻል? እኔ ደግሞ «ጎበዝ ሠራተኛዬ» እልሽ ነበር። ከጁላይ ጀምሮ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር የማየው ያቺን መርፌ ነው።

ሐኪሟ እንዳለችው፣ በልጅነት የገባ አጥንት ውስጥ ተኝቶ ይኖራል፤ ሴት ስታረግዝ ደግሞ ከአጥንቷ እየወጣ ወደ ፅንሱ ይሄዳል። ሠላሳ አንድ ዓመትሽ ነው። ሌላ ልጅ መውለድ ወይም አለመውለድ ያንቺ ጉዳይ ነው፤ አልገባበትም። ግን ከዚያ በፊት ደምሽን አስመርምሪ። የጣት ጫፍ ወግተው የሚያዩት እንዳይበቃሽ፣ ከክንድሽ ይቅዱ። በልጅነቴ አባቴ ቤት ውስጥ ጥይት ይሞላ ነበር በያቸው። ሳታፍሪ ንገሪያቸው፤ ኀፍረቱ የኔ ነው።

ይቅር በይኝ ብዬ በጻፍኩ ቁጥር ወረቀቱን ቀድጄዋለሁ፤ ይሄ አራተኛው ነው። ቃሉ ትንሽ ሆነብኝ። ተመለሺ አልልሽም፣ ደውዪልኝም አልልሽም። ተመርመሪልኝ ብቻ።

ዊላን ጉንጯን ሳሚልኝ። ከማን እንደሆነ ባትነግሪያትም ግድ የለም። እግዚአብሔር የሁለታችሁንም ደም ያጥራ፣ አጥንታችሁን ያጽና። በዚያ በረዶ ላይ ስትነጂ ቀስ በይ፤ ቤታችሁ ሙቀት አይጣ።

የምርመራውን ውጤት ለኔ መላክ የለብሽም። ለእናትሽ ንገሪያት። እሷ ቁጥሩን ባትነግረኝ እንኳ ፊቷ ላይ አነበዋለሁ።

አባትሽ
ዴልበርት