ስለ ኋላ መብራትህ ያልደወልኩት ስልክ

ጅቡቲ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2001 ዓ.ም.

ውድ ዓብዱሰመድ፣

የላክኸው ምስጋና ደርሶኛል። ግን አይገባኝም። አንተም፣ እህትህ ጀዋሪያም፣ ልጆቿም በሰላም በመትረፋችሁ ፈጣሪን ሌት ተቀን አመሰግናለሁ። ያተረፍኳችሁ ግን እኔ አይደለሁም። እውነቱን ከሰማህ በኋላ ልትጠላኝ ትችላለህ። ቢሆንም ከእኔው ብትሰማው ይሻላል።

የምሠራበትን ጋራዥ ታውቀዋለህ። ከሁለት ሳምንት በፊት መኪኖቹን ከሚሠራው ፋብሪካ አንድ ወረቀት መጣ። በ1999 እና በ2000 የገቡት ነጫጭ ፒካፖች የኋላ መብራታቸው ችግር አለበት፣ አምፖሉ የሚገባበት ቦታ እየጋለ ሽቦውን ያቃጥለዋል፣ ስለዚህ ሁሉም ተመልሰው በነጻ ይጠገኑ ይላል። አለቃዬ ሙሚን የባለመኪኖቹን ስምና ስልክ አትሞ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ። አርባ አንድ ሰው ነው።

"መዓዛ፣ ይሄን ነገር እንደ ቀልድ እንዳታዪው" አለኝ በዚያ በሚሰባበር አማርኛው። "መብራቱ ሲጠፋ ነጂው አያውቅም። ፊት ለፊቱ ሁሉ ነገር ደህና ነው። የሚያውቀው ከኋላ የሚመጣው ነው፤ እሱም ካወቀ ወዲያ አይጠቅመውም።"

እየደወልኩ፣ ያነጋገርኩትን ሁሉ ራይት እያደረግሁ ወረድኩ። አሥራ ሰባተኛው ላይ ስደርስ ስምህን አየሁት።

ስድስት ዓመት ሙሉ ስምህን ተጽፎ አላየሁትም ነበር። እስክሪብቶው እጄ ላይ ቀረ። ወዲያው የመጣብኝ ምን እንደሆነ ልንገርህ? ካርቲየ ሰባት ሰፈር ያለው የቤታችሁ በር ነው። ጀዋሪያ ደጃፉ ላይ ቆማ፣ "ልጄ፣ አንቺም ወደ ሃይማኖትሽ፣ እሱም ወደ ሃይማኖቱ። ሁለተኛ ይሄን ቤት አትርገጪ" ስትለኝ፣ አንተ ከኋላዋ ቆመህ ነበር። እሷን ይቅር ብያታለሁ፤ ያለችው ያመነችበትን ነው። አንተ ግን አንዲት ቃል አልተነፈስክም። ጫማህን ነበር የምታየው።

እናም ማክሰኞ ዕለት፣ ከቁጥርህ አንዷን እንኳ ሳልነካ፣ ከስምህ ጎን ራይት አደረግሁ። ተነግሮታል ማለት ነው። ከዚያ ወደ አሥራ ስምንተኛው አለፍኩ። ስጨርስ ወረቀቱን ለሙሚን ሰጠሁት። "ሁሉንም አገኘሻቸው?" አለኝ። "ሁሉንም" አልኩት።

ልትሞት ትችላለህ ብዬ አላሰብኩም ብል ውሸት ነው። አስቤያለሁ። ነገ እደውላለሁ አልኩ። ረቡዕ መጣ፣ አልደወልኩም።

ሐሙስ ያ የሚያቃጥል ንፋስ ተነሣ። አቧራው ከባልባላ ሰፈር ቁልቁል ባሕሩን ሸፈነው። ጋራዡ እንደ ሁልጊዜው ለሙቀቱ እኩለ ቀን ላይ ተዘጋ። ሙሚን በሩን ራሱ ቆለፈ፣ ቁልፉንም ኪሱ ከተተ። እኔ ባልባላ ቤቴ ገብቼ፣ አብራኝ ከምትኖረው ከቡርቱካን ጋር እርጥብ ነጠላ ለብሰን ሲሚንቶው ላይ ተጋደምን። እንቅልፍ ወሰደኝ። አሥር ሰዓት ላይ ወደ ሥራ ተመለስኩ። የማስታውሰው ይህን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጀዋሪያ ጋራዡ በር ላይ ቆማ አየኋት። ስድስት ዓመት ሙሉ አይታኝ የማታውቅ ሴት፣ በፌስታል ማንጎ ይዛ፣ ዓይኗ አብጦ። ልትሰድበኝ የመጣች መስሎኝ ተነሣሁ። እጄን አንሥታ ሳመችው።

"ወላሂ፣ አንቺ ባትደውዪ ኖሮ ዛሬ እኔን በሰው ትከሻ ነበር የምታዪኝ" አለች።

"መቼ ነው የደወልኩት?" አልኳት።

"ሐሙስ ነዋ! ከነልጆቼ ወደ አርታ ተራራ ልንወጣ መኪናው ላይ ተሳፍረን ነበር። ሞተሩን አስነሥቷል። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎት ሁላችንም ሰማንሽ።"

ምን እንዳልኩ ጠየቅኋት። ሳቅ እያለች እንደ እኔ አድርጋ አወራችው። "'አቶ ሰመድ፣ የኋላ መብራትህ ሞቷል፣ ዛሬ እንዳትንቀሳቀስ። ካላመንክ ውረድና ከኋላ ቁም፣ ጀዋሪያ ፍሬኑን ትርገጥልህ' አልሽው። ረገጥኩ። ወርዶ ቢያይ አንዱም አይበራም! አንዱም!"

አቶ ሰመድ። ይህን አጠራር ከእኔና ከአንተ በቀር የሚያውቀው ሰው አለ እንዴ?

የዚያን ቀን የአርታ መንገድ ላይ የሆነውን አንተም ሰምተሃል። አቧራው ውስጥ አንድ ከባድ መኪና ከፊቱ ያሉትን ሳያይ እየገጨ ሄደ። ሦስት ሰው ሞተ። ጀዋሪያ ይህን ስትነግረኝ ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። ደስታ መሰላት። ልትሄድ ስትል ግን ዘወር ብላ፣ "አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለች። "ስትደውዪ የት ነበርሽ? ከኋላሽ ንፋስ ይጮኻል። ሜዳ ላይ የቆምሽ ነበር የሚመስለው።"

ስትሄድ የቢሮውን ስልክ አነሣሁ። የተደወለባቸውን ቁጥሮች ወደ ኋላ ተመለከትኩ። ቁጥርህ አለ። ሐሙስ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል፣ አራት ደቂቃ። ሙሚንን ጠራሁትና አሳየሁት። ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ ኪሱን ዳብሶ ቁልፉን አወጣና እሱንም አየው። "አዑዙ ቢላህ" ብሎ ወጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ እኩለ ቀን ላይ በር ሲቆልፍ መጀመሪያ ገብቶ ወንበሬን ያያል።

ማታ ለቡርቱካን ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም።

"እኔ አልተኛሁም ነበር" አለች። "አንቺ ስታወሪ ነበር። በጀርባሽ ተኝተሽ፣ ዓይንሽ ተከድኖ። ሰው በስልክ እንደሚያወራ፣ እየጠየቅሽ፣ እየጠበቅሽ፣ እየመለስሽ። ልቀሰቅስሽ ፈልጌ ፊትሽን ሳየው ፈራሁ። ጀዋሪያ ማናት?"

ስለ ጀዋሪያ ለቡርቱካን አንድም ቀን ነግሬያት አላውቅም።

አየህ፣ ዓብዱሰመድ፣ እዚህ ድረስ ቢሆን ዝም ብዬ ምስጋናውን በወሰድኩ። ሰው ተርፏል፣ እንዴትም ይሁን። ግን ጀዋሪያ በማግስቱ ተመልሳ መጣች፤ ያንተን መልእክት ይዛ። ድሬዳዋ አባትህ ዘንድ ሄደሃል፤ "ያን ቀን ዝም ያልኩትን መካስ እፈልጋለሁ፣ ያን ሁሉ በደል ረስታ ከደወለችልኝ እኔም ለአባቴ እናገራለሁ፣ አገባታለሁ" ብለሃል። የአባትህን ቤት ስልክ በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። አለቀስኩ። ስድስት ዓመት ስጠብቀው የነበረ ቃል ነው፤ የመጣው ግን የእኔ ባልሆነ መልካም ሥራ ነው። በውሸት ልገባበት አልፈለግሁም። ሳምንት ሙሉ ከራሴ ጋር ስታገል ቆይቼ ትናንት ሰኞ ደወልኩልህ። ያኔ በእውነት እኔ ነበርኩ።

"ማን ልበል?" አልክ።

"መዓዛ ነኝ።"

"እህቴ፣ ተሳስተሽ ይሆናል" አልክ፣ ሰው ላለማስቀየም በምትናገርበት በዚያ ቀስ ባለ ድምፅህ። "የመዓዛን ድምፅ አውቀዋለሁ። አንቺ አይደለሽም።"

"ሰመድ፣ እኔ ነኝ!"

"መዓዛ እኮ አሁን ነው የዘጋችው። ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ትደውላለች" አልክና ስልኩን ዘጋህብኝ።

ደግሜ ብደውል እንደዚያው እንደምትለኝ ስላወቅሁ ይኸው በእጄ ጻፍኩልህ። ያቺ በስሜ የምትደውልልህ ምን እያለችህ እንደሆነ አላውቅም። ለጋብቻው እሺ ብላህ ይሆናል። ይቅር ብላህ ይሆናል። እኔ ገና ይቅር አላልኩህም፤ ቂሜ ለሰው ሕይወት እንኳ የማይመለስ ሆኖ ስላገኘሁት መጀመሪያ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ። ስምህ ጎን ያደረግሁትን ራይት ዛሬ ጠዋት ሰርዤ ለሙሚን እውነቱን ነግሬዋለሁ። ተቆጥቷል። ሥራዬ ላይ እስካሁን ምንም አልወሰነም።

ዓርብ በባቡር ድሬዳዋ እመጣለሁ። ፊቴን አይተህ፣ ይህን ሁሉ ፊት ለፊት ጠይቀኸኝ፣ ከዚያ የፈለግኸውን ወስን። እምቢ ብትለኝ እመለሳለሁ፣ አላስቸግርህም።

እስከዚያ ግን እሷ መደወሏ አይቀርም። ስለ መኪና፣ ስለ መንገድ የምትነግርህን ስማት፤ እሷ ከእኔ ትሻላለች። ስለ ሌላው ሁሉ ግን ምንም ቃል አትግባላት። እኔ እስክደርስ ጠብቀኝ።

ያልደወለችልህ
መዓዛ