ባለ ሁለት ጎማው ዘር መበተኛ

ሰኔ 24 ቀን፣ ሐሙስ ረፋድ

ለኩኩዬ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

እንዴት ነሽልኝ የኔ እናት? ሳሉ ለቀቀሽ? ባልሽስ አዲሱን ሥራ ለመደው? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ደግሞ በስልክ እንደምልሽ አይደለም፤ ይሄኛው እውነተኛው ነው። ልደውልልሽ ስልኩን አንስቼ ነበር፤ ግን አባትሽ አጠገቤ ተቀምጦ እየሰማ የሚወራ ወሬ ስላልሆነ ብዕር አነሳሁ። እጄ ቸኩሎ ፊደሉ ቢጋደምብሽ ታገሺኝ።

የውሃ ቧንቧ ሊቀይሩ መጥተው ግቢውን ቆፋፍረውት እንደሄዱ ነግሬሻለሁ። አፈሩን መለሱት፤ ሳሩን ግን ማን ይመልሰው? ሲደርቅ አቧራ፣ ሲዘንብ ጭቃ ሆነ። ጭቃው በጫማ እየገባ የሳሎኑ ወለል እንደ ሳሙና ሲያንሸራትት፣ ልቤ አባትሽ እግር ሥር ተንጠልጥሎ ነበር የሚውለው። እኔማ ሲሚንቶ ሊሾ እናስደርገውና እንገላገል አልኩ። መቼም ከታመመ ወዲህ ምን ብጠይቀው መልሱ «እንደፈለግሽ» ነው። ያን ቀን ግን ከሶፋው ቀና አለና፣

«ዕድሜዬን አስፋልት ላይ ጨረስኩ፤ አሁን ደግሞ ደጄ ላይ ልታነጥፊብኝ ነው? ሳር ይዘራ» አለኝ።

ልጄ፣ ደነገጥኩ። ሐሳብ ሰጠ እኮ። ሐሳቡን ሳይቀይር ብዬ ወዲያው ነጠላዬን አነሳሁ።

ቤት ያለን መሣሪያ እጀታው የሚወዛወዝ አካፋ ብቻ ስለሆነ፣ ጎረቤታችን ባለ ታክሲው የአትክልት ዕቃ መሸጫ ወሰደን። አባትሽ መኪና ውስጥ እጠብቃለሁ አለ። ሰው ፊት መራመድ እንደማይወድ ታውቂያለሽ። የላክሽለት ባለ አራት እግር መደገፊያ እስካሁን በር ኋላ ቆሞ የኔን ካፖርትና ዣንጥላ ተሸክሞልኛል። አንድ ቀን እንኳ አልነካውም። ቤት ውስጥ ግድግዳውን ይዞ ይሄዳል፤ ግድግዳው ሲያልቅ የኔን ትከሻ ይይዛል። ከዚያ ውጭ መንቀሳቀስ የለም። ፊዚዮቴራፒ የምትሠራለት ልጅም ብትለምነው ብትለምነው ሰልችቷት መምጣት ቀንሳለች። ይሄን አልነገርኩሽም ነበር።

ሱቁ ውስጥ ግን እኔ ራሴ ልጅ ሆንኩልሽ። የቱን ልይ! ሻጯ ሽርጧ ኪስ ውስጥ መቀስ የሰካች ሳቂታ ሴት ናት። ግቢው ምን ያህል ነው፣ ድንጋይ አለው ወይ፣ ተዳፋት ነው ወይ ብላ እንደ ሐኪም መረመረችኝ። አፈር መቧጠጫውን ሬክ ላንሳ ብዬ ሰፊውን ባለ ፕላስቲክ ጥርስ ሳነሳ፣ እሱ ቅጠል መጥረጊያ ነው፣ ጓል አይሰብርም ብላ አጭር የብረት ጥርስ ያለውን አስያዘችኝ። ውሃ ተሞልቶ የሚንከባለል መዳመጫም አሳየችኝ። ባዶውን እንኳ መግፋት አቃተኝና ተሳስቀን ተውነው፤ ሳንቃ አንጥፎ በላዩ መራመድም ይሠራል አለችኝ።

ከዚያ ዘር መበተኛዎቹን አወጣች። አንደኛው አንገት ላይ የሚንጠለጠል ከረጢት ነው፤ እጀታውን ሲያዞሩት ዘሩን ይረጫል። ሌላው እየተገፋ ወዲያና ወዲህ ሩቅ ይበትናል። ሦስተኛው ሁለት ጎማ ያለው ሣጥን ነው፤ ሥሩ ባለው ቀጭን ክፍተት ዘሩን በጎማዎቹ መሃል ብቻ ቀጥ አድርጎ ያወርዳል። ለእናንተ ግቢ በእጅ የሚዞረው ይበቃል አለችኝ። አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ባዶውን እያሽከረከርኩ፣ በቃ እሰሪልኝ ልላት ስል አባትሽን በሩ ላይ አየሁት።

መኪናው ሞቆት ነው አሉ። የበሩን መቃን ይዞ፣ ከዚያ የመደርደሪያውን ጠርዝ ይዞ መጣ። እኔን አላየኝም፤ ዓይኑ ባለ ሁለት ጎማው ላይ ነው።

«ይሄ ቀጥ ብሎ ይሄዳል?» አላት።

አስጠጋችለት። ሁለት እጁን እጀታው ላይ አሳረፈ፤ ግራውንም ጭምር፣ ያን ተንጠልጥሎ የሚውለውን። አንቺ ትንሽ ሆነሽ የመንገድ መስመር መቀቢያ ማሽኑን ሲገፋ እጅሽን ይዤ ያሳየሁሽ ትዝ ይልሻል? እንደዚያ፣ መሬቱን ትቶ ሩቅ እያየ ሄደ። ከውሃ ማጠጫ ቱቦዎቹ ተነስቶ በመደርደሪያዎቹ መሃል እስከ አበባ ማሰሮዎቹ፣ ዞሮ ደግሞ ተመለሰ። ግድግዳ የለ፣ ትከሻ የለ! ተከትሎት የገባው ባለ ታክሲ አፉን ሊከፍት ሲል እግሩን ረገጥኩት። ሻጯ የምታውቀው ነገር ስለሌለ፣

«አባባ፣ ይሄ ለትልቅ ግቢ ነው እኮ። ለምን ቦታ ይይዝባችኋል?» አለች።

«ግዴለም የኔ ልጅ፣ የምንፈልገው ይሄንን ነው» አልኳት። ሌላ ነገር ብጨምር ድምፄ ያሳብቅብኝ ነበር።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ተዘራ። ጓሉን የሰበርነው እኔና ባለ ታክሲው ነን፤ አባትሽ በረንዳ ላይ ወንበሩን አስቀምጦ የድሮ የሥራ ባልደረቦቹን እንደሚያዘው ሲያዘን አረፈደ። ተራው ሲደርስ ተነሳ። መጀመሪያ ኬሻ አስነጥፎ ዘሩ እንዴት እንደሚወርድ ሞከረ፤ መክፈቻውን ጠበብ አደረገው። ከዚያ ከበሩ እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩ እስከ በሩ። ሸሚዙ ከጀርባው ተጣበቀ። አረፍ በል ብለው፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው አይጠራም አለኝ። እኔም ወጥ ቤት ገብቼ በመስኮት ሳይ ዋልኩ፤ ምሳ እንኳ አረረብኝ።

ሳሩ ሲበቅልስ ምን ሆነ መሰለሽ? መስመር በመስመር! አንድ አረንጓዴ፣ አንድ ባዶ፣ አንድ አረንጓዴ፣ አንድ ባዶ። አኩርፎ ሶፋው ላይ ሊመለስ ነው ብዬ ፈራሁ። በመስኮት አየው። ከዚያ ሳል እስኪይዘው ድረስ ሳቀ። «የእግረኛ ማቋረጫ ቀባሁልሽ» አለኝ። ይሄን ሳቅ ከሆስፒታል ከወጣን ወዲህ ሰምቼው አላውቅም።

ሻጯ ዕቃውን ስታስርልኝ፣ ሲመለስ ጎማው የቀድሞውን የጎማ ዱካ ይርገጥ፣ አለዚያ መሃሉ ባዶ ይቀራል ብላኝ ነበር። ልነግረውም ነበር። እንዴት ሳልነግረው እንደቀረሁ ግን አትጠይቂኝ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ባዶውን መስመር ይሞላል። ትናንት አጥሩ ጋ ሲደርስ ዘሩ አለቀበት። እኔ በረንዳ ላይ የታጠበ ልብስ እያጣጠፍኩ ነበር። ማሽኑን እዚያው አቁሞ፣ ጣሳውን በግራ እጁ ይዞ፣ ወፎቹ ዘሩን እየለቀሙ አስቸገሩኝ እያለ፣ ሜዳውን አቋርጦ ወደ እኔ መጣ። ለመደገፊያ ምንም አልያዘም። ማንንም አልያዘም። ቀና ብዬ ሳላየው ጣሳውን ተቀብዬ ከዘሩ ከረጢት ሞላሁለት። «አትሙዪው፣ ይደፋብኛል» አለና እያጉረመረመ ተመለሰ። እኔ ካጣጠፍኩት ልብስ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ደግሜ ማጠፍ ነበረብኝ።

እንድንገባበት ያገኘሽልን አፓርታማ ጥሩ ነው፣ ሊፍት እንዳለውም ነግረሽኛል፤ ልፋትሽን ፈጣሪ ይቁጠርልሽ። ግን ባለቤቱን ለሌላ ሰው ያከራይ በይው። አትቆጪኝ እንጂ፣ ቁልፉን እኔ አልቀበልም።

ጤናሽን፣ እንቅልፍሽን፣ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ። ባልሽን ሳሚልኝ። እሁድ ስትደውዪ ስለ እግሩ እንዳትጠይቂው። ስለ ወፎቹ ጠይቂው፤ ብዙ የሚልሽ አለው።

የምትናፍቅሽ፣
እናትሽ